አሜን የተባለበት በር

በእኛ ቤት ሳህን የሚነሳው አሜን ከተባለ በኋላ ነው። በልተን ስንጨርስ እያንዳንዳችን በቀኑ ያጋጠመንን አንድ ነገር እንናገራለን። ልጄ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና ከተናገርነው ውስጥ አንዱን መርጦ ትምህርት ያወጣበታል። ትምህርቱ ሲያልቅ ሁላችንም አሜን እንላለን፤ ሳህኑ ይነሳል። አሜን የተባለበት ነገር እንግዲህ አልቋል፣ ሁለተኛ ወደ ማዕድ አይመጣም። ሕጉ ይኸው ነው፤ ያወጣውም ልጄ ነው።

ልጄ የመነጽር መስታወት ቆራጭ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሚጮህ ማሽን ፊት ተቀምጦ ሲሞርድ ይውላል፤ ማታ ሲገባ የመስታወት ብናኝ ቅንድቡ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘዋለሁ። ለሰው ዓይን የሚሠራው ሰውዬ የገዛ ቤቱን ሳያይ ብላችሁ ምሳሌ ልታወጡ ከሆነ አትድከሙ። በመነጽር የሚወጣውን ምሳሌ ሁሉ እሱ ራሱ ጨርሶታል። እሑድ እሑድ በጉባኤያችን ከስብከቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ይሰጡታል፤ "ከማዕዳችን" ይለዋል። በሳምንቱ በቤታችን የሆነውን አንስቶ ሰውን ያስቃል፣ ያስለቅሳል። የሰፈሩ ሰው "ጋሽ አሜን" የሚል ስም አወጣለት፤ እሱም አልከፋውም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ያረረው ሩዝ፣ የምራቴ የጠፋ ቁልፍ፣ ከአፌ የወለቀው ጥርሴ ሳይቀር ትምህርት ወጥቶበታል። ጥርሴ ስለ ትዕግሥት ነበር። ጥርስና ትዕግሥት ምን እንዳገናኛቸው ዛሬም አልገባኝም፤ ግን የጉባኤው ሴቶች ተራ ይዘው መጥተው ጉንጬን ስመውኛል። ልጄ እግዚአብሔር በትንሽ ነገር ይናገራል ይላል። እኔም ይህን አምናለሁ። ያላወቅነው፣ ሲናገር ምን ማድረግ እንዳለብን ነበር።

ከቤታችን ጎን ያለው ቦታ መቆፈር የጀመረው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። አሮጌው ቤት ፈረሰ፣ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረ፣ ከዚያ ከቆርቆሮው ጀርባ የቁፋሮ ማሽን ከጠዋት እስከ ማታ ማጉረምረም ያዘ። ፎቅ ሊሠራ ነው ተባለ። እየቆፈሩ ወደ እኛ ግድግዳ ሲጠጉ ድምፁ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች ማንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን የግንባታውን ፎርማን በር ላይ አግኝቼ ምነው እንዲህ ተጠጋችሁብን አልኩት። እናቴ፣ በፍጹም አይስጉ፣ እናንተን አንነካም አለኝ። ደግ ፊት ነበረው። ነገር ግን መንገዱ ገና አቧራ ሆኖ ሳለ የእሱ ቦቲ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እርጥብ ጭቃ ለብሷል። ውሃ ያለበት ድረስ ወርደዋል ማለት ነው። ያን ቀን ፈራሁ፤ ለምን እንደፈራሁ ግን በቅጡ አላሰብኩበትም።

በጉድጓዱ በኩል ያለው ክፍል የልጅ ልጄ ነው። ጢኒጥ እንላታለን። ትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነው፤ ብዙ አታወራም፣ ባወራችው ላይ ግን አትጨምርም፣ አትቀንስም። አንድ ቀን እራት ላይ ተራዋ ሲደርስ የክፍሌ በር አይዘጋም አለች። ድሮ እሺ ብሎ ይዘጋ ነበር፤ አሁን ላይኛው ጫፉ መቃኑን እየመታ ይመለሳል።

የልጄ ፊት በራ። ዓይኑን ጨፈነና ስለማይዘጋ በር ተናገረ። የአባት ቤት በር ለጠፋ ልጅ እንዴት ክፍት ሆኖ እንደሚያድር፣ እኛ በኃጢአታችን ብንገፋው እንኳ እንዴት እንደማይዘጋብን። ምራቴ ነርስ ነች፤ ከተረኝነት ድክም ብሏት ነበር የመጣችውና እንባዋ ወረደ። እኔም አፍንጫዬን ጠረግኩ። አሜን አልን። ሳህኑን ሳነሳ ጢኒጥ ከወንበሯ አልወረደችም፤ አባቷን ቀና ብላ እያየች አንድ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። እሱ ግን እሑድ እንዴት አድርጎ እንደሚጀምረው እያሰበ ወደ ጓዳ ገባ።

እሑድ ተነገረ፤ ጉባኤው ወደደው። ሰው ሁሉ ጢኒጥን ስለ በሯ እየጠየቀ ይስማት ጀመር። እሷም ለጠየቃት ሁሉ አይዘጋም ትላለች፤ እነሱም ይስቃሉ። በነጋታው እራት ላይ፣ በሩ ዛሬም አይዘጋም አለች። አባቷ ፈገግ ብሎ ራሷን ዳበሳት።

"እሱን ተምረንበታል የኔ ጢኒጥ" አላት። "አዲስ ነገር አምጪ።"

ክፋት አልነበረበትም። ልጁን ከነፍሱ አብልጦ ነው የሚወዳት። እኔን ግን ያ ቃል ከበላሁት ጋር አልወርድ አለኝ።

ልጅቷ አዲስ ነገር አመጣች። ትንሿን ኳሷን ከአልጋዋ አጠገብ ስታስቀምጣት ማንም ሳይነካት ወደ ግድግዳው ትሄዳለች። ብትመልሳትም ትሄዳለች። ልጄ ይህንንም ወደደው። ልባችን ወዴት እንዳዘነበለ ማወቅ ከፈለግን፣ ስንለቀው ወዴት እንደሚንከባለል ማየት ነው አለ። ቆንጆ ትምህርት ነበር፣ አልዋሽም። አሜን ተባለ። ወለሉ ለምን እንዳዘነበለ የጠየቀ የለም።

ከዚያ በኋላ ጢኒጥ ስለ ክፍሏ መናገር ተወች። ተራዋ ሲደርስ ስለ ትምህርት ቤቷ ድመት፣ ስለ ጓደኛዋ አዲስ ጫማ ታወራለች። ረሳችው ብዬ አረፍኩ። ጠዋት ስነሳ ግን ትራሷን ከምግብ ጠረጴዛው ሥር ማግኘት ጀመርኩ። ለጨዋታ አምጥታው መስሎኝ፣ ይቺ ልጅ ቤቱን ልታዝረከርከው ነው እያልኩ እያጉረመረምኩ ወደ አልጋዋ እመልሰዋለሁ። በማግስቱም እዚያው ነው።

አርብ ጠዋት አንሶላዋን ልቀይር ስገባ አልጋው ላይ ነጭ ዱቄት አየሁ። ዳሰስኩት፤ የግድግዳ ልስን ነው። አልጋውን ጎትቼ ሳየው ከጣሪያው እስከ ወለሉ ስንጥቅ ወርዷል። ጣቴን ሰደድኩት፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ከወዲያ በኩል ቀዝቃዛ አየር ጣቴን ነካኝ። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከግድግዳው ውስጥ አፈር ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ትንሽ ያቆማል፣ ደግሞ ይወርዳል። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ጌታ ሆይ አልኩ።

ልጄን የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር ደረስኩበት። ነገርኩት። ጣቴን እያሳየሁ ነው የነገርኩት። ቀና አለ፤ ዓይኑ ያን የማውቀውን ብርሃን ለበሰ። በማግስቱ ቅዳሜ መጋቢው ከነባለቤታቸው ቤታችን ምሳ ሊበሉ ነው፤ እሑድ ደግሞ የጉባኤያችን የምሥረታ በዓል ነው፣ ልጄም ረዘም ያለ ሰዓት ተሰጥቶታል። ሳምንቱን ሙሉ ርዕስ አጥቶ ሲጨነቅ ነበር።

"ስንጥቅ" አለ። "እማዬ፣ ይሄ ከጌታ ነው። ለማንም አትናገሪ፣ ለቅዳሜ አስቀምጪልኝ።"

አንተ ልጅ ሂድና እየው አልኩት። እሺ፣ ማታ አየዋለሁ አለኝና አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ሮጠ። ማታ ገብቶ በላ፣ አስተማረ፣ አሜን አለ፣ ተኛ። ለምራቴ ብነግራት እሷም ከድካም ልትወድቅ የደረሰች ተረኛ ነች፤ እማማ፣ እንግዶቹ ይሸኙና ሰኞ ግንበኛ እንጠራለን አለችኝ። ያን ዕለት ጢኒጥን እኔ ጋ አስተኛኋት። ስትራገጠኝ አደረች፤ አልከፋኝም። የነገው ምሳ እስኪያልፍ ከእኔ ሳትለይ ትውላለች ብዬ ወሰንኩ።

ቅዳሜ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ዋለ። ዝናቡ ሲጀምር ከቆርቆሮው ጀርባ ያለው ማሽን ቆመ፤ ሠራተኞቹ መጠለያ ገብተዋል መሰለኝ። ዝምታው ከጩኸቱ የበለጠ አስፈራኝ። ምራቴ ለእንግዳ የምናወጣውን ትልቁን የጠረጴዛ ልብስ አለበሰች፤ እስከ ወለሉ የሚደርሰውን። እኔ ማድቤት ከዶሮው ጋር ስታገል እንግዶቹ ደረሱ። ዣንጥላ ሲራገፍ፣ ኮት ሲሰቀል፣ ሰላምታው ሲደራረብ ሁላችንም በር ላይ ነበርን።

ከማድቤት ምግብ ሳመላልስ ቆይቼ፣ ከተበላ በኋላ ነው የጢኒጥ ወንበር አለመኖሩን ያየሁት። ጢኒጥስ? አልኩ። ምራቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ስታስነጥስ ስለነበር ለእንግዶቹ እንዳታስተላልፍ ትንሽ ትተኛ ብዬ ክፍሏ አስገብቻታለሁ አለችኝ። ሹካዬን አስቀመጥኩ። ልነሳ ስል ልጄ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ዛሬ የምታካፍለን እናቴ ናት አለ፤ መጋቢውም ባለቤታቸውም ወደ እኔ ዞሩ።

ቶሎ ተናግሬ ልገላገል አልኩ። "የጢኒጥ ክፍል ግድግዳ ተሰንጥቋል። ጣቴ ይገባበታል። ልጅቷ አሁን እዚያ ውስጥ ተኝታለች፤ ተነስና እያት።"

ልጄ ዓይኑን ጨፈነ።

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። እሱ ግን ጀመረ። ስንጥቅ የሌለበት ቤት ብርሃን ከየት ይገባዋል አለ። እግዚአብሔር ቤታችንን ሊጎበኝ ሲፈልግ በጠነከረው ግድግዳችን ሳይሆን በተሰነጠቀው በኩል ይገባል አለ። መጋቢው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። የመጋቢው ሚስት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ልማድ ክፉ ነው፤ እኔም አሜን እስኪባል ተቀምጬ ቀረሁ። ዝናቡ ከጣሪያው ላይ ይወርዳል፤ ከዝናቡ በታች ደግሞ አርብ ዕለት የሰማሁት ድምፅ መጣ። አፈር ይወርዳል። አሁን ግን አላቆመም።

አሜን አሉ። መጋቢው አሉ፣ ሚስታቸው አሉ፣ ምራቴም አለች። ሁሉም የእኔን ይጠብቃሉ፤ በእኛ ቤት አንድ ሰው እንኳ ከቀረ ሳህን አይነሳም።

"አሜን አልልም" አልኩ።

ሳህኔን አነሳሁ። የበላሁበትን፣ አጥንቱ ያለበትን ሳህን ይዤ ተነሳሁና ወደ ጢኒጥ ክፍል ሄድኩ። ከኋላዬ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። መዘጋት እምቢ ያለው በር አሁን ደግሞ መከፈት እምቢ አለኝ። መቃኑ ነክሶታል። እጅ በሚያስገባው ክፍተት ሳይ ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ ጉብ ብሏል። ጠራኋት፣ አልመለሰችም። ልጄ መጥቶ በጆሮዬ፣ እማዬ ሰው ፊት ምነው አለኝ። አንገቱን ይዤ ወደ ክፍተቱ አዞርኩት።

ያን ጊዜ አየ። ስንጥቁ ጭንቅላት ያስገባል። በዚያ በኩል የጎረቤቱ ቆርቆሮ አጥርና የሚወርደው ዝናብ ይታያል። ብርሃንማ ገብቶ ነበር። ልጄ በትከሻው በሩን መታው፣ ደግሞ መታው። በሦስተኛው ሲመታ ከውስጥ ያለው ግድግዳ ለቀቀ። ድምፁን በምን ልንገራችሁ፤ ቤቱ በሙሉ የተቀመጠ መሰለኝ። በሩ ወደ ውስጥ ተከፈተና አቧራ ፊታችን ላይ ወጣ።

አቧራው ጋብ ሲል ከክፍሉ እኩሌታው የለም። ከግድግዳው ገሚሱ ወደ ጉድጓዱ ሄዷል፣ ገሚሱ አልጋው ላይ ወድቋል። ጣሪያው አንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል። ልጄ በጉልበቱ ወድቆ ብሎኬት መወርወር ጀመረ። ምራቴ ከጎኑ ነች፤ ስም አትጠራም፣ አታለቅስም፣ ብቻ ትቆፍራለች። መጋቢው ከነሙሉ ልብሳቸው ገብተው ከእኔ ጋር አንድ የግድግዳ ቁራጭ ያዙ። ሳህኔ የት እንደወደቀ አላውቅም። ልጄ ሲቆፍር የሚለውን ሰምቻለሁ። በሩ አይዘጋም ብላኝ ነበር ይላል። በሩ አይዘጋም ብላኝ ነበር። ጸሎት አልነበረም፤ ወይም እሱ የጸለየው የመጀመሪያው እውነተኛ ጸሎት ነበር፣ እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።

የብርድ ልብሱን ጫፍ አገኘና ሳበው። ከሥሩ የትምህርት ቤት ቦርሳዋና የታጠፈ ፎጣ ወጣ።

"እዚህ ነኝ" የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ።

ጢኒጥ ኮሪደሩ ላይ ትራሷን አቅፋ ቆማለች። ፀጉሯ በእንቅልፍ ተንጨባሯል። ለሰላምታ በር ላይ ስንጋፋ ከክፍሏ ሾልካ ከትልቁ የጠረጴዛ ልብስ ሥር ገብታለች። ምሳችንን ሙሉ እግራችን መካከል ተኝታ ነበር። እናቷ በመጨረሻ አለቀሰች። አባቷ ሊነሳ ሞክሮ አልቻለም፤ ጥፍሮቹ ደምተው በዳዴ ወደ እሷ ሄደ። ልጅቷ የተቆጣት መስሏት ወደ ኋላ ሸሸች።

"አልጋዬ ላይ ያልተኛሁት በሩ ስለማይዘጋ ነው" አለችው። "ነግሬህ ነበርኮ።"

አዎ፣ ነግረሽኛል አላት። እዚያው ወለሉ ላይ አቅፏት ቀረ። ቀሚሷ በደሙ ተነካካ፤ ማንም አላስተዋለውም። የሳምንታት ፍርሃቴ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣብኝና ግድግዳውን ተደግፌ፣ ያልወደቀውን ማለቴ ነው፣ አለቀስኩ።

የመጋቢው ሚስት ተአምር ነው፣ ተአምር ነው እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ። መጋቢውም ቤታችሁ እስኪጠገን እኛ ጋ ታርፋላችሁ ካሉ በኋላ፣ ነገ ይህን ለጉባኤው ትነግረዋለህ፣ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት ከየት ይመጣል አሉት። ልጄ ጢኒጥን ታቅፎ ቀድሟቸው ወጣ።

እሑድ በዓሉ ደምቆ ነበር። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቀዋል። ልጄ እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለው ወጣ። ዓይኑን ይጨፍናል ብዬ ጠበቅኩ። አልጨፈነም።

"ልጄ በሬ አይዘጋም አለችኝ" አለ። "ሄጄ አላየሁትም። እናንተ ፊት ቆሜ አወራሁበት።"

ከዚያ ወረደና አጠገቤ ተቀመጠ። ምሳሌው እስኪቀጥል የሚጠብቅ ብዙ ሰው ነበር። አሜን ለማለት አፉን ከፍቶ የመለሰም አይቻለሁ። መዘምራኑ ግራ ገብቷቸው መዝሙር ጀመሩ። እኔ በልጄ የኮራሁት ያን ቀን ነው፤ በጥርሴ ካስለቀሰበት ቀን ይልቅ።

ማታ በመጋቢው ቤት ለእራት ተቀመጥን። መብላቱ እንደ ቀልድ አለቀ። ምን እንደሚደረግ ማንም አያውቅም። ልጄ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ ተቀምጧል። ስለ ነገ አስባለሁ፤ ቤታችን ተከፍሎ ዝናብ ላይ ነው፣ ፎርማኑ ቀኑን ሙሉ ሊገኝ አልቻለም፣ የቀረውም ግድግዳ ይቁም አይቁም የሚያውቅ የለም። ጢኒጥ ዙሪያዋን ቃኘችና ተራዋን ሳይሰጧት ተናገረች።

"እዚህ ቤት ማድቤት ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል።"

መጋቢው ሳቅ ብለው፣ አዎ ቆይቷል፣ ቧንቧው አርጅቶ ነው አሉ። ልጅቷ አባቷን አየችው። ያን ቀን ከወንበሯ አልወርድ ብላ እንዳየችው ነው።

ልጄ ተነሳ። ናፕኪኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ማድቤት ሄደ። ተው እንጂ ነገ ይደርሳል ቢሉትም አልሰማም። ቆየ። ሳህኖቹ ባሉበት ቀሩ፤ ማንም ሊያነሳ አልደፈረም። ጢኒጥ ወርዳ ተከተለችው፣ እኔም ተከተልኳት። ልጄን በተጠቀለሉ እጆቹ የቧንቧውን መቆጣጠሪያ ለማጥበቅ እየታገለ ከማጠቢያው ሥር በጉልበቱ ተንበርክኮ አገኘሁት። ቅዳሜ ያስቀረሁትን አሜን ያን ጊዜ አልኩት።